ወተቱን አፍሉ፣ እጁን አስታጥቡ፣ ልጁን ግን አትከልክሉት



ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሲገባ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ለጥቂት ሳምንታት በአዲስ አበባ ዙሪያ ወደሚኖሩ ዘመዶቻቸው ይልካሉ። አያት ሰበታ ያለው ወደ ሰበታ፣ አጎት ቡራዩ ያለው ወደ ቡራዩ፣ ላም የምታረባ አክስት ሱሉልታ ያለችው ወደ ሱሉልታ ይሄዳል። ልጁም ጥጃ ሲያስር፣ ዶሮ ሲቆጥር፣ ለበግ ድርቆሽ ሲያቀርብ ሰንብቶ በወሬ ተሞልቶ ይመለሳል። በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ይህንኑ የልጆች የእረፍት ጊዜ ነው። ነገሩን የምጀምረው ግን እኔ ራሴ ከፈጸምኩት ስህተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመስከረም ወር መጨረሻ፣ አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። "እህቴ፣ ልጄ ትኩሳት አለበት፣ ሽሮፕ ስጪኝ" አለችኝ። ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ፓራሲታሞል ሰጠኋት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ትኩሳቱ ቀን ጋብ ብሎ ማታ ይመለሳል፣ ሌሊት ልብሱ በላብ ይርሳል፣ ጉልበቱንም ያመዋል አለች። አሁንም ሽሮፑን ሰጥቼ "ካልተሻለው ሐኪም ይየው" ብዬ ሸኘኋት። በሦስተኛው ጊዜ ልጁን ይዛው መጣች። ከስቷል፤ ሲሄድም ያነክሳል። በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት ያን ጊዜ ነው።

"ክረምቱን የት ነበር ያሳለፈው?"

"ሰበታ፣ አያቱ ጋ።"

"ምን ሲሠራ ነበር?"

እናቱ ሳትመልስ ልጁ ቀደማት። "ላም ሳልብ! ወተቱን እዚያው እንደታለበ ነበር የምንጠጣው" አለኝ፣ በሕመሙ መሐል ፈገግ እያለ።

ሆስፒታል ሄዶ ደሙ ሲመረመር በሽታው ብሩሴሎሲስ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ወስዶ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ። እናቱ ግን "ሁለተኛ ሰበታ አይሄድም!" ብላ ማለች። የእናት ጭንቀት ስለሆነ መሐላዋ ይገባኛል። ነገር ግን ልጁን ያሳመመችው ላሟ አይደለችም፤ አያቱም አይደሉም። ልጁን ያሳመመው ያልፈላ ወተት ነው። ያልፈላ ወተት ደግሞ መፍትሔው እሳት ነው እንጂ ልጅን ቤት ውስጥ መዝጋት አይደለም።

ለምን እንልካቸዋለን?

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ ይገኛሉ። ሦስቱም ለአዲስ አበባ ወተት ሲያቀርቡ የኖሩ ናቸው። የሱሉልታ ሜዳ በድርቆሹ ይታወቃል፤ የሰበታ ስም ከወተት ፋብሪካ ጋር አብሮ ይነሳል። ዛሬ ሦስቱም ሸገር ከተማ በሚል ስም በተዋቀረው አስተዳደር ሥር ገብተዋል። ግጦሽ የነበረው ሜዳ ብዙው ቤትና ፋብሪካ ሆኗል፤ ላሞቹም ከሜዳ ወደ በረት ገብተዋል። ያም ሆኖ ከአጥሩ ጀርባ ዛሬም ላም፣ በግና ዶሮ አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተወልዶ ወተት የሚመጣው ከላስቲክ ለሚመስለው ልጃችን ይህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርቱ የዲንም ነው። ከነቢያት መካከል መንጋ ያልጠበቀ እንደሌለ፣ እሳቸውም ለመካ ሰዎች በጥቂት ቂራጥ ክፍያ ይጠብቁ እንደነበር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ውሃ ጥም ያቃጠለውን ውሻ በጫማው ቀድቶ ያጠጣው ሰው ወንጀሉ እንደተማረለት፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት ደግሞ እንደተቀጣች በሐዲስ ተላልፏል። የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም የሆነው ሕፃኑ አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ በሞተችበት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ እየጠየቁ አጫውተውታል። ይህን ሁሉ ለልጅ በቃል ልንነግረው እንችላለን። ነገር ግን ጠዋት ተነስቶ የጠማውን ጥጃ ራሱ ያጠጣ ልጅ ትምህርቱን የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው። እንስሳ ነገ እስኪባል አይጠብቅም። ዝናብ ቢዘንብም፣ ልጁ ቢደክመውም በግ ይርበዋል። አደራ ማለት ምን እንደሆነ ልጅ የሚማረው እንዲህ ነው።

ሥራው ግን በዕድሜ ይከፋፈል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከትልቅ ሰው እጅ ሳይለይ ይይ፣ ለዶሮ እህል ይበትን፤ ጫጩት ወደ አፉና ወደ ጉንጩ አያስጠጋ። ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለው እንቁላል ይሰብስብ፣ ውሃ ያቅርብ፣ ድርቆሽ ያድርስ። ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ትልቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ ማለብ ይማር፣ ጥጃ ያስር፣ በረት ይጥረግ። ከላም ኋላ መቆም፣ አዲስ ከወለደች ላም ወይም ከኮርማ አጠገብ መድረስ ለማንኛውም ልጅ አይፈቀድ።

ስለ ጤና ጥቅሙም አንድ ነገር እናንሳ። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ በተደረጉ ጥናቶች ከብት ባለበት እርሻ ያደጉ ልጆች አስምና አለርጂ ያነሰባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እዚያ ያደጉትን የሚመለከት እንጂ ለሦስት ሳምንት የሄደውን ልጅ አይደለም። እንዲያውም አስም ያለበት ልጅ በድርቆሽ አቧራ ሊነሳበት ስለሚችል የሚነፋ መድኃኒቱ ከኪሱ አይለይ።

ወተት ንጹሕ ሆኖ ሳለ ለምን ይፈላል?

ይህን ጥያቄ ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ። "አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል ከፈርስና ከደም መካከል ንጹሕ ወተት እንዳወጣልን ነግሮን የለ?" ይላሉ። እውነት ነው፤ ወተት ከታላላቅ ኒዕማዎች አንዱ ነው። ውሃም ኒዕማ ነው፤ ግን ወንዝ ሲደፈርስ አጣርተንና አፍልተን እንጠጣለን። በሽታው የሚመጣው ከታመመች ላም፣ ካልታጠበ እጅ፣ ከቆሸሸ ጡት ወይም ከማለቢያው ዕቃ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማታ ዕቃዎቻችንን እንድንከድን አዘውናል። ምግብን ከብክለት መጠበቅ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ያልፈላ ወተት ከሚያስተላልፋቸው በሽታዎች ሁለቱን እንይ።

የመጀመሪያው ያ ልጅ የያዘው ብሩሴሎሲስ ነው። ላም፣ ፍየልና በግን ያስወርዳል። ወደ ሰው የሚገባው በጥሬ ወተት፣ ወይም የጨነገፈ ጽንስና የእንግዴ ልጅ በእጅ ሲነካ ነው። ምልክቱ የሚወጣና የሚወርድ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ጀርሙ ከገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ነው፤ ወራት የሚቆይበትም ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ልጁ ከተማ ተመልሶ ትምህርት ጀምሯል፤ የክረምቱን ጉዞ ማንም አያስታውሰውም። ሕመሙም ታይፎይድ ወይም ወባ እየተባለ ያለ አግባብ ሲታከም ይቆያል።

ሁለተኛው የከብት ቲቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና ሰበታን፣ ሱሉልታንና ሆለታን ጨምሮ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች በ88 መንጋዎች የሚገኙ 2,956 የወተት ከብቶችን መርምሮ ነበር። ከከብቶቹ 30 በመቶ የሚሆኑት፣ ከመንጋዎቹም ከግማሽ በላይ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። በአገራችን በሰው ላይ የሚታየው ቲቢ አብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዓይነት ነው፤ ስለዚህ መደናገጥ አያስፈልግም። ነገር ግን የከብቱ ዓይነት በወተት ወደ ልጅ ሲገባ የአንገት ዕጢንና አንጀትን ሊያጠቃ ይችላል። ፒራዚናሚድ የተባለው የታወቀ የቲቢ መድኃኒትም አይሠራበትም። የታመመች ላም ደግሞ ወፍራምና ደህና መስላ ልትታይ ትችላለች። "የእኛ ላም ጤነኛ ናት" የሚለው ቃል በምርመራ ካልተረጋገጠ ዋስትና አይሆንም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወተቱን በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፣ በድስት ጥዶ እያማሰሉ ተነስቶ እስኪፈላ መጠበቅ፣ ከፈላም በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ከዚያ ከድኖ ማቀዝቀዝ ነው። "ሱሉልታ ደጋ ስለሆነ በትንሽ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ ይበቃል ወይ?" የሚል ካለ መልሱ አዎ፣ ይበቃል ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የወተት ፋብሪካዎች ጀርም ለመግደል የሚጠቀሙበት ሙቀት ደግሞ 72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ነው።

"እርጎ ሲሆን ጀርሙ ይሞታል" የሚባለውም አስተማማኝ አይደለም። እርጎ ለሚወድ ልጅ ወተቱ መጀመሪያ ይፍላ፤ ለብ ሲል ከደህና እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ማርጋት ይቻላል። ግሬራውን በወይራ ማጠን ለመዓዛው መልካም ነው፤ ማፍላትን ግን አይተካም። ነፍሰ ጡር እናቶችም ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ከጥሬ ወተት ይጠንቀቁ፤ ጽንስ የሚያስወርዱ ሕመሞች በዚህ መንገድ ይመጣሉ።

ውዱእ አለ፣ ሳሙናስ?

እኛ ሙስሊሞች በቀን አምስት ጊዜ እጃችንን እንታጠባለን፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን እበት የነካ እጅ ከውዱእ በፊት ሳሙና ይፈልጋል። እበትና የዶሮ ኩስ ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች አሉባቸው። አንዳንዶቹ በትንንሽ ልጆች ላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አልፎም የኩላሊት ጉዳት ያስከትላሉ። ልጁ ከበረት ሲወጣ፣ ከምግብ በፊትና እንቁላል ከሰበሰበ በኋላ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 20 ሴኮንድ ይታጠብ። በበረት ውስጥ ምንም አይብላ። የበረቱ ጫማ ከቤት ውጭ ይውለቅ፤ የበረቱ ልብስ ለብቻው ይሁን። ከጥጃ የሚጋባ ጭርት በቆዳው ላይ ክብ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ያገኙትን ቅባት ሁሉ ከመቀባት ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ይሻላል።

ውሻና የአረፋ በግ

አርሶ አደሩ ግቢውን የሚያስጠብቀው በውሻ ነው። ልጁን ከመላካችሁ በፊት "ውሻው ተከትቧል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ልጁንም ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችሎቿ አጠገብ ያለች ውሻ እንዳይነካ አስተምሩት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ ሳይጀምር በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ውሻ ወይም ድመት ከነከሰው፣ ከቧጨረው ወይም ቁስሉን ከላሰው ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። በርበሬ፣ ቅጠል ወይም ቡና አትነስንሱበት። በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱትና ክትባት ይጀመርለት። ሩቅያው ይቀራለት፣ ዱዓውም ይደረግለት፤ ክትባቱ ግን አይዘግይ። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት ማለት ይህ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ይህ ደግሞ የሚመለከተው ወደ ሰበታና ሱሉልታ የሚሄደውን ብቻ አይደለም። በዒደል አድሓ ሁላችንም በየቤታችን እናርዳለን። በጉ ከዒዱ በፊት ለቀናት ግቢያችን ታስሮ ልጆቻችን ሣር ሲያቀርቡለት፣ ስም ሲያወጡለት ይሰነብታሉ፤ ይህም ራሱ ትንሽ የእርሻ እረፍት ነው። ከእርድ በኋላ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ኪስ የሚመስል ነገር ሲገኝ ብዙዎቻችን ቆርጠን ለውሻ እንጥላለን። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። በኪሱ ውስጥ ያለው ጥገኛ በውሻ ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ውሻውን የዳበሰ ልጅ ባልታጠበ እጁ ሲበላ እንቁላሉ ይገባና በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያው ኪስ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን የተበላሸ አካል ሳትቀዱት በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

በድንገት ስለታመመ ከብትም እንናገር። በክት መብላት ሐራም መሆኑን ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቃሉ። ችግሩ "ሳይሞት እንድረስበት" ተብሎ በጥድፊያ የሚታረደው ነው። የሥጋውን ሸሪዓዊ ብይን ለዑለማዎቻችን እተወዋለሁ። ከጤና አንጻር ግን ከብቱ በአባ ሰንጋ ታሞ ከሆነ ቢላው ጀርሙን አይገድለውም። የሚያርደው፣ የሚገፈውና የሚበላው ሁሉ ለአደጋ ይጋለጣል። የእንስሳት ሐኪም ሳያየው እንዲህ ያለ ከብት አይታረድ፤ ልጆችም አይቅረቡት።

በመድኃኒት ቤት ዓይን ሲታይ

በእኔ ሙያ ሁለት ነገሮችን አጥብቄ አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው፣ ላሚቱ የጡት በሽታ ይዟት ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን ከተወጋች ወተቷ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ አይጠጣ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን ከወተቱ አያወጣም። በተለይ ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ልጅ አደገኛ ነው። ከላሚቱ የተረፈውን መድኃኒትም ለልጅ መስጠት በፍጹም አይገባም።

ሁለተኛው የመዥገር መድኃኒት ነው። እንደ ዲያዚኖን ያሉት መርዞች በብዛት ተገዝተው በሃይላንድ ጠርሙስ እየተከፋፈሉ ይቀመጣሉ። ከውሃ ጋር የተቀላቀለው ወተት ይመስላል፤ የጠማው ልጅ ጠርሙሱን አንስቶ ይጠጣል። ልጃችሁን ስታደርሱ ይህን ከአስተናጋጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። መርዝ በራሱ ዕቃ፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ልጁ ከጠጣ ወይም በላዩ ከፈሰሰበት ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙና እጠቡ፣ እንዲያስመልስ አታስገድዱ፤ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

በጓዙ ውስጥ ሳሙና፣ ቦቲ ጫማ፣ የበረት ልብስ፣ የቁስል ማሰሪያ፣ ሁለት ሦስት ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. እና ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ካለ እሱም ይኑር። የቴታነስ ክትባቱ መሟላቱንም አረጋግጡ። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ለሁለት ወር ያህል ልብ በሉት። ትኩሳት ከያዘው ለሐኪሙ ሳትጠየቁ "ልጄ ከብት ጋ ሰንብቷል፣ ምናልባትም ያልፈላ ወተት ጠጥቷል" በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሳምንታት ስቃይ ታስቀራለች። መድኃኒት ቤት የምንሠራ እህቶችና ወንድሞችም ሽሮፑን ከማቀበላችን በፊት "ልጁ የት ነበር?" ብለን እንጠይቅ። እኔ ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።

አያትን ማን ይንገራቸው?

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። እናቱ በዓመቱ መሐላዋን እንዴት እንደምታነሳ ስታማክረኝ ዋናው ችግሯ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። "አማቴን ወተትሽ በሽታ አለው ብዬ እንዴት ልበላቸው? ልጆቻቸውን ሁሉ በዚያ ወተት ነው ያሳደጉት" አለችኝ። እውነቷን ነው። እንግዳን በወተት የሚቀበል ሰው ወተቱን ሲነቅፉበት ልቡ ይሰበራል። "ወተትዎ መጥፎ ነው አትበያቸው" አልኳት። "ሐኪሙ ለዚህ ልጅ የፈላ ብቻ አዟል፣ አደራዎን በያቸው።" ለታመመ የልጅ ልጃቸው የታዘዘውን የሚያጎድሉ አያት የሉም።

ልጁ በክረምቱ ተመልሶ ሄደ። አያቱ፣ እሱ "አኮ" የሚላቸው፣ ወተቱን ማፍላት ብቻ ሳይሆን አዲስ ሥራም ሰጡት። ከእሳቱ ራቅ ብሎ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወተቱ እንዳይገነፍል ይጠብቃል፤ ሲነሳ "አኮ፣ ፈላ!" ብሎ ይጮኻል። በመስከረም ከእናቱ ጋር ወደ መድኃኒት ቤቱ ጎራ ብሎ ይህን ሲነግረኝ ያለቡት ላም ስም፣ የጥጃዋ ቀለም፣ የተሰበሰበው እንቁላል ብዛት ሁሉ አብሮ መጣ። በዚያ ቀን የገዙት ሳሙና ብቻ ነበር።

አላህ ልጆቻችንን በጤናና በመልካም ሥነ ምግባር ያሳድግልን፤ ለእንስሳቱም የሚራሩ ያድርግልን። አሚን!